ኤምአርአዩ ንጹህ ነው፤ እግሬ ግን ያቃጥለኛል

ሰሞኑን ስለ ወገብና ስለ ነርቭ ሕመም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሟል። ለእኔም ደርሶኛል። የላከችልኝ ጓደኛዬ «አንቺን ነው የሚያወራው» ትላለች። እውነቷን ነው። ጽሑፉ የሚያወራው ወገባቸውን ስለሚያማቸው፣ እግራቸው ስለሚደነዝዝና ስለሚያቃጥላቸው፣ ተመርምረው ግን «ምንም የለም» ስለተባሉ ሰዎች ነው። እኔም አንዷ ነኝ። ዓመታት አልፈዋል፤ ሕመሜ እስካሁን ስም አልወጣለትም።

የጸሐፊው ክርክር ባጭሩ ይኸው። ኤምአርአይ፣ ማለትም በማግኔት የሚነሳው የሰውነት ውስጥ ምስል፣ ንጹህ ከሆነ ወገቡ ደህና ነው። የነርቭ ምርመራው ንጹህ ከሆነ ነርቩ ደህና ነው። ሕመሙ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚል ከሆነ ጭንቀት ነው። ሐኪሙ የድብርት መድኃኒት ካዘዘ ደግሞ ራሱ ሐኪሙም ጭንቀት መሆኑን አምኗል። ስለዚህ ሐኪም ማሳደዱን ትቶ፣ ቢ ቫይታሚን እየዋጡ፣ አርፎ መተኛትና ነገሩን መርሳት ነው።

ጸሐፊው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። አንድ ሁለት ቦታ ላይ ልክም ናቸው። ግን ይህን አንብቦ ወደ ታመመው ሰው ዞር በማለት «አየህ፣ ምንም የለብህም» የሚል የትዳር ጓደኛ፣ ወንድም ወይም አለቃ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ ለዚህ ነው።

ከኤምአርአዩ ልጀምር፤ ክርክሩ ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነውና። ኤምአርአይ የአጥንትን፣ የዲስክን (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ትራስ) እና ነርቭ የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች ቅርጽ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ዕጢ፣ ኢንፌክሽን ወይም ክፉኛ የተጨፈለቀ ነርቭ ካለ ብዙ ጊዜ አያመልጠውም። ስለዚህ ንጹህ መባል ትልቅ እፎይታ ነው። እኔም ውጤቱን የሰማሁ ቀን ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት። ግን ሕመምን ራሱን የሚያሳይ ምስል የለም።

እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ እንዲነሱ ተደረገ። 52 በመቶው ላይ ቢያንስ አንድ ቦታ ያበጠ ዲስክ ተገኘ። 27 በመቶው ላይ ዲስኩ ጎላ ብሎ ወጥቷል። ሁሉም ዲስኮቻቸው ደህና ሆነው የተገኙት 36 በመቶው ብቻ ነበሩ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ምንም የማያማቸው ሰዎች ናቸው። በ2015 ደግሞ ሕመም የሌለባቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ምስል አንድ ላይ ያየ ግምገማ ወጣ። እሱም የዲስክ መድከም 20 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች 37 በመቶው ላይ፣ 80 ዓመት ከሆናቸው ደግሞ 96 በመቶው ላይ እንደሚታይ አሳየ።

ጸሐፊው ይህን ቢያነቡ «ታዲያ እኔስ ምን አልኩ?» ሊሉ ይችላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ምስሉ ተበላሽቶ ሰውየው ደህና መሆን ከቻለ፣ ምስልና ሕመም አብረው አይሄዱም ማለት ነው። አብረው ካልሄዱ ደግሞ ንጹህ ምስል ይዞ «አያምህም» ብሎ መፍረድ አይቻልም። ምስሉ ሲበላሽ «ይህ ምንም አይደለም» የምንል ከሆነ፣ ሲጸዳ ፈራጅ ልናደርገው አንችልም።

ሌላም አለ። አንዳንዴ ምስሉ የሚነሳው ችግሩ በሌለበት ቦታ ነው። ጭኑ በውጭ በኩል የሚደነዝዘውንና የሚያቃጥለውን ሰው ውሰዱ። ያን ቆዳ የሚያገለግለው ነርቭ ብሽሽት አካባቢ በጅማት ሥር ሾልኮ ነው የሚያልፈው። እዚያ ላይ ጠባብ ቀበቶ፣ የክብደት መጨመር ወይም እርግዝና ሊጫነው ይችላል። የወገብ ኤምአርአይ ቢነሳ ምን ይገኛል? ምንም። አልማዝ ባለጭራም ሽፍታው ከመውጣቱ ከቀናት በፊት ጀርባን ወይም ጎንን ባንድ በኩል ብቻ ሊያቃጥል ይችላል። በነዚያ ቀናት የተመረመረ ሰው «ጡንቻ ነው» ተብሎ ቢመለስ አይገርመኝም።

የአከርካሪና የዳሌ መገጣጠሚያ ብግነትም አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ45 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። ጠዋት ወገብን ግትር ያደርጋል፤ ሌሊት ላይ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ሲንቀሳቀሱ ይሻላል፣ ሲያርፉ ይብሳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ራጅ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ሕመሙ ከጀመረበት ጊዜ እስከ ምርመራው ስም ድረስ በአማካይ 7 ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ሴቶች ላይ ደግሞ ይረዝማል። እስቲ አስቡት። በነዚያ ዓመታት ውስጥ እነዚህ ሰዎች ምን እየተባሉ ኖሩ? ጸሐፊው የጻፉትን ነዋ!

አሁን ወደ ነርቭ ምርመራው። ጸሐፊው በጣም በእርግጠኝነት የጻፉት እዚህ ላይ ነው፤ በጣም የሳቱትም እዚሁ ነው።

ነርቭ አንድ ዓይነት አይደለም። ወፍራም ክሮች አሉ፤ ጡንቻን ያዛሉ፣ ንክኪንና የእግርን አቀማመጥ ያሳውቃሉ። መልእክታቸው በሰከንድ 50 ሜትር አካባቢ ይሮጣል። ቀጫጭን ክሮችም አሉ፤ ሕመምን፣ ሙቀትንና ቅዝቃዜን ያመላልሳሉ። ከነሱ ውስጥ በጣም ቀጭኖቹ በሰከንድ 2 ሜትር እንኳ አይሞሉም። ቆዳ ላይ በኤሌክትሪክ እየነዘሩ ፍጥነት የሚለኩበት ምርመራ የሚያየው ወፍራሞቹን ነው። ቀጫጭኖቹን ጨርሶ አያያቸውም። ጡንቻ ውስጥ መርፌ የሚገባበት ኢኤምጂ ደግሞ ጡንቻንና የጡንቻን ነርቭ ነው የሚመረምረው። ታዲያ አንድ ሰው የሚያማርረው ማቃጠል፣ መርፌ መርፌ ማለት፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ መቆጥቆጥ ከሆነ፣ ጥፋቱ ያለው ምርመራው በማያያቸው ክሮች ላይ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ውጤቱ ንጹህ ቢወጣ ምኑ ይገርማል?

እነዚህን ክሮች ማየት ሲያስፈልግ ሌላ መንገድ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቆዳ ይወሰድና ክሮቹ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ። ሁሉም ቦታ የሚሠራ ምርመራ አይደለም። ሐኪሙ በእጁ ሊያደርገው የሚችል ግን አለ። የመርፌ ጫፍ እግርህ ላይ እንዴት ይሰማሃል? ቀዝቃዛ ብረትስ? ጉልበትህ ላይስ? ይህቺ የአምስት ደቂቃ ምርመራ ብዙ ጊዜ ተዘልላ ማሽን ይታዘዛል።

የወገብ ነርቭ ሥር ላይም ተመሳሳይ ክፍተት አለ። ሥሩ ተነክቶ ስሜት ብቻ ከተዛባ፣ ጡንቻ ካልደከመ፣ የሁለቱም ምርመራዎች ውጤት ደህና ሊሆን ይችላል። የተነካው ቦታ የስሜት ነርቭ ሕዋሱ ካለበት ወደ ውስጥ ስለሆነ፣ ወደ እግር የወረደው ክር አይሞትም። መለኪያው ደግሞ የሚያርፈው እግር ላይ ነው። ጊዜም ወሳኝ ነው። ኢኤምጂ የነርቭ ጉዳትን ምልክት ጡንቻ ውስጥ ለማየት ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ሕመሙ በጀመረ በሳምንቱ የተመረመረ ሰው ቸኩሏል።

እንግዲህ ምርመራው ንጹህ የወጣለት ሰው ምን ይጠየቅለት? የደም ስኳር፤ በሽታ ደረጃ ያልደረሰ ከፍታም ጭምር። ቢ12። ታይሮይድ። ዓይንና አፍ ይደርቅብህ እንደሆነ። ኤችአይቪ። አልኮል። የሚወሰዱ መድኃኒቶች፣ በተለይ የካንሰር ሕክምና። ይህ ሁሉ ታይቶም ምክንያት የማይገኝለት ሰው ብዙ ነው። ያኔ «ምክንያቱን አላገኘነውም» ማለት ሐቀኛ መልስ ነው። «ምክንያት የለውም» ማለት ግን ማንም ያላረጋገጠው ነገር ነው።

ሦስተኛው ነጥባቸው የሚዞረው ሕመም ነው። ዛሬ የግራ እግር፣ ነገ ወገብ፣ ከነገ ወዲያ የቀኝ ክንድ። ጸሐፊው ይህን እንደ ውሸት ማጋለጫ ነው ያቀረቡት። እኔ ደግሞ ይህን ነጥብ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ በቅርበት አውቀዋለሁ።

የሕመም ምልክት ከቆዳ ተነስቶ እንዳለ አንጎል ውስጥ አይገባም። ህብለ ሰረሰር ላይ ይጣራል፤ ይቀነሳል ወይም ይጨመርበታል። ክሊፎርድ ዉልፍ የተባለው ተመራማሪ በ1983 ያሳየው ይህን ነው። ጉዳት ከደረሰ በኋላ ህብለ ሰረሰሩ ራሱ ይነቃል፤ ትንሹን ነገር ማጉላት ይጀምራል፤ ሕመሙም ከመጀመሪያው ቦታ አልፎ ይሰፋል። በ2017 ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር ከቲሹ ጉዳትና ከነርቭ ጉዳት ሕመም ቀጥሎ ሦስተኛ ዓይነት አድርጎ ለዚህ ቦታ ሰጥቶታል። ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብም ሥር የሰደደ ሕመም ራሱን ችሎ እንደ በሽታ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ «ቦታ ቀየረ፣ ስለዚህ የለም» የሚለው አያስኬድም።

ቦታ የሚቀያይሩ ከባድ በሽታዎችም አሉ። የሰውነት መከላከያ የአንጎልንና የህብለ ሰረሰርን ነርቮች የሚያጠቃበት መልቲፕል ስክለሮሲስ አንዱ ነው። ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ በ1868 በሚገባ ገልጾታል፤ ከዚያ በኋላም ግን ለረጅም ዘመን ብዙ ሕመምተኛ፣ በተለይ ሴት፣ «የመንፈስ ጭንቀት ነው» እየተባለ ተመልሷል። ይህን የምለው ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። እግሩ የሚደነዝዘው አብዛኛው ሰው ይህ በሽታ የለበትም። የመጣ የሄደ ምልክት ሁሉ ጭንቀት ነው ለሚለው ድምዳሜ ግን በቂ መልስ ነው።

ጭንቀት ሕመምን አያባብስም ወይ? ያባብሳል። ሌሊቱን ሳልተኛ ካደርኩ በማግስቱ እግሬ እሳት ነው። ከሰው ስጋጭም እንደዚያው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ጭንቀትን ማከምም ሕክምና ነው። ግን ያባባሰው ሁሉ ያመጣው ነው ወይ? ዓመቱን ሙሉ እያመመው፣ ማንም ሳያምነው የሚኖር ሰው ባይጨነቅ ነው የሚገርመኝ።

የድብርት መድኃኒቱን ቶሎ ልለፈው፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። አሚትሪፕቲሊንና ዱሎክሰቲን ከአንጎል ወደ ህብለ ሰረሰር ወርዶ ሕመምን የሚያለዝበውን መስመር ያግዛሉ። ድብርት የሌለበት ሰውም በስኳር ሕመም ለተጎዳ ነርቭ ይታዘዝለታል። አሚትሪፕቲሊን ለሕመም የሚጀመረው ብዙ ጊዜ በ10 ወይም በ25 ሚሊ ግራም ነው፤ ለድብርት የሚሰጠው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ከሐኪሙ የሚጠበቀው ለምን እንደሰጠ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ነበር። ያን ባለማድረጉ ስንቱ ሰው እንክብሉን ፋርማሲ በር ላይ ጥሎ ሄዷል። ተአምር ይሠራሉ አልልም። ዱሎክሰቲን ከተሰጣቸው ስድስት ያህል የነርቭ ሕመምተኞች ውስጥ ከማስመሰያ እንክብል በላይ በደንብ የሚሻለው አንዱ ነው። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው ፕሪጋባሊንም ከወገብ ወደ እግር ለሚወርድ ሕመም በ2017 ተፈትኖ ከማስመሰያው አልተሻለም፤ ማዞሩ ግን በዝቷል። በራስ ፈቃድ ድንገት ማቋረጥም አይገባም።

ቢ ቫይታሚን! «አይጎዳም፣ ይዋጥ» ይላሉ ጸሐፊው። እዚህ ላይ ነው ብዕሬን ያነሳሁት ብል አልዋሸሁም።

ቢ12 ሲያንስ ነርቭ ይጎዳል፤ እውነት ነው። ለስኳር የሚሰጠውን ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ፣ ኦሜፕራዞልን የመሰለ የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ለዓመታት የሚውጥ፣ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ የማይበላ ሰው ሊያንስበት ይችላል። ግን መጀመሪያ ይለካ። ሳይለካ የዋጠ ሰው በኋላ ቢመረመር ውጤቱ ጥሩ ይመጣል፤ አንሶ እንደነበር ማወቂያው መንገድ ተዘጋ ማለት ነው።

ቢ6 ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሲበዛ ነርቭን ይጎዳል። በ1983 በቀን በግራም የሚለካ ቢ6 ሲወስዱ የነበሩ ሰዎች እግራቸው ደንዝዞ መራመድ ሲቸገሩ በሕክምና መጽሔት ተዘገበ። ከዚያ ወዲህ እጅግ ባነሰ መጠንም፣ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ፣ ጉዳት ታይቷል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2023 ለአዋቂ ሰው በቀን ከ12 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ጣሪያ አስቀምጧል። «ለነርቭ» ተብለው ከሚሸጡት ጥምር እንክብሎች አንዳንዶቹ በአንዷ ፍሬ 100 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ይይዛሉ። ምልክቱስ? መደንዘዝ፣ ማቃጠል፣ መንገዳገድ። ሰውየው «ብሶብኛል» ብሎ መጠኑን ይጨምራል። ማሸጊያውን ገልብጣችሁ አንብቡ።

ስለ መተኛቱ ብዙ አልልም። በ1986 ሁለት ቀን መተኛትና ሰባት ቀን መተኛት ተነጻጽረው ሰባቱ ምንም አልጨመረም። በ1995 ፊንላንድ ውስጥ በተሠራ ጥናት ደግሞ የሚችሉትን የዕለት ሥራ የቀጠሉት ከተኙት ቀድመው ተሻላቸው። ይህ ለድንገተኛ የወገብ ሕመም ነው። ለቆየውም ቢሆን በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው መመሪያ ከሚመክራቸው ነገሮች ውስጥ የአካል እንቅስቃሴ መርሐ ግብር አለበት፤ መተኛት የለበትም። ብቻ «ተንቀሳቀሱ» ሲባል በጥሩ ቀን ያመለጠንን ሥራ ሁሉ በአንዴ መጨረስ አይደለም። እሱ በማግስቱ ያስከፍላል። ትንሽ፣ በየቀኑ፣ ጥሩም ቀን መጥፎም ቀን ተመሳሳይ መጠን። አሰልቺ ነው፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ሐኪም ማሳደድን በተመለከተ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። በየዓመቱ ኤምአርአይ መድገም ብዙ ጊዜ አይጠቅምም። ከላይ እንዳየነው፣ በተፈለገ ቁጥር አንድ ያበጠ ዲስክ አይጠፋም። እሱ ደግሞ አዲስ ፍርሃት፣ አንዳንዴም የማያስፈልግ ቀዶ ሕክምና ይዞ ይመጣል። በየሄድንበት ታሪኩን ከዜሮ መጀመርም ያደክማል።

የሚሻለው አንድ ሐኪም ይዞ መዝለቅ ይመስለኛል። መዝገቡን በእጁ የያዘ፣ «አላውቅም» ማለት የማያፍር፣ «በዚህ ወር ተመለሺ፣ ይህ ከተለወጠ ግን ቀደም ብለሽ ነይ» የሚል። ከኛ በኩልም አንድ ገጽ ጽሑፍ ይዞ መሄድ ይረዳል። መቼ ጀመረ፣ የት የት ነው፣ ምን ያብሰዋል፣ ምን ያቀለዋል፣ ምን ተሞክሮ ምን ሆነ። የሚደነዝዘውን ቦታ በሰው ሥዕል ላይ ቀለም ቀብቶ መውሰድ ደግሞ ከብዙ ወሬ ይሻላል። ሐኪሙ አውራ ጣት በኩል ነው ወይስ ትንሿ ጣት በኩል የሚለውን ብቻ አይቶ የትኛው የነርቭ ሥር ሊሆን እንደሚችል ይገምታል።

ስም እስኪገኝ ሕክምና መቆም የለበትም። የጸሐፊው ጽሑፍ ይህን አማራጭ ጨርሶ አያውቀውም፤ ወይ በሽታው ይታወቃል ወይ ይረሳል። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በ2020 የወገብ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች 619 ሚሊዮን ነበሩ። ከወገብ ሕመም ውስጥ 90 በመቶው ገደማ ይህ ነው የሚባል ምክንያት የማይለይለት ነው። እነዚህ ሁሉ እንቅልፋቸው ይታከማል፣ ፊዚዮቴራፒ ይሠራሉ፣ መድኃኒት ይሞከርላቸዋል። የማንም ዲስክ መጀመሪያ ጥፋተኛ መባል አላስፈለገውም።

የመጨረሻው ቅሬታዬ ጽሑፉ ውስጥ ባልተጻፈው ላይ ነው። «እርሱትና ኑሩ» ብሎ የሚመክር ሰው መቼ መርሳት እንደማይቻል መናገር ነበረበት። በብልትና በመቀመጫ ዙሪያ፣ ኮርቻ በሚነካው ቦታ፣ መደንዘዝ ከመጣ፤ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ሽንትና ዓይነ ምድር ካመለጠ፤ ሁለቱም እግሮች ከደከሙ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ከአከርካሪ ግርጌ ያሉት ነርቮች ታፍነው ሊሆን ይችላል፤ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። የእግር ፊት አልነሳ ብሎ መሬት ከጎተተ፣ ከወገብ ሕመሙ ጋር ትኩሳት ወይም ምክንያት የሌለው ክሳት ካለ፣ ከዚህ በፊት ካንሰር የነበረበት ሰው አዲስ የወገብ ሕመም ከጀመረው፣ ወይም ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ ከመጣ፣ በቶሎ መታየት አለበት። ይህ ቀደም ሲል «ንጹህ ነህ» ለተባለም ሰው ይሠራል፤ ያኔ የተነሳው ምስል ስለ ዛሬ አይናገርምና። ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ ባይቀበሉኝ እንኳ ይህችን አንቀጽ ጽሑፋቸው ላይ ይጨምሩልኝ። እኔን መጥቀስም አያስፈልጋቸውም።